ካሚልን አጫውቺው

ሙፊዳን በያዮ ደን ቡና የለቀመ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ስሟ የጠፋበት እንኳ «ተጫዋቿስ? ዘንድሮ አልመጣችም?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ኅዳር ሲገባ ከኢሉባቦሩ ቡሬ አጠገብ ካለው የሰፈራ መንደር ትነሳለች፣ መቱ ላይ መኪና ትቀይራለች፣ ከዚያ በዚያ አጥንት በሚያላቅቅ መንገድ ያዮ ትገባለች። እንዲህ ስትመላለስ ይኸው ሀያ ሁለት ዓመቷ። ሌላው ለቃሚ ቅርጫቱንና ምሳውን ይዞ ደን ይገባል፤ እሷ በዚያ ላይ አፏን ይዛ ትገባለች ይላሉ። እንዲያ ሲሏት ትስቃለች። ከልቧ ነው የምትስቀው ብል ግን እዋሻለሁ።

እሷ ያለችበት ቡድን አንድ ልማድ አለው። ለቃሚው ከዛፍ ዛፍ ሲዘዋወር በሙፊዳ አጠገብ ያልፍና ከራሱ ቅርጫት አንድ እፍኝ ቀይ እሸት ቡና እሷ ቅርጫት ውስጥ ጣል ያደርጋል። ያዘዘው የለም፣ የሚቆጥረውም የለም። የሚያወራ ሰው እጁ ይዘገያል፤ ሙፊዳ ደግሞ ስታወራ እጇንም፣ ቅንድቧንም፣ ትከሻዋንም ስለምትጠቀም ቅርንጫፍ የምትስብበት እጅ አይተርፋትም። እሷ ዝም ያለች ቀን ግን ሰው ሁሉ ወገቡ ትዝ ይለዋል፣ ጉንዳኑ ትዝ ይለዋል፣ ገና ያልወረደው ቁልቁለት ትዝ ይለዋል። ካቦው ዋቁማ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ኮቱን በፀሐይም በዝናብም የማያወልቅ፣ ጥርሱን አይተውለት የማያውቁት ሰው ነው። እሱም እፍኙን እያየ እንዳላየ ያልፋል።

የምታወራው ስለ ወንድሟ ስለ ካሚል ነው። ካሚል ወሎ ውስጥ ከገበያ ገበያ የሚዞር፣ አንድ ቦታ የማይረጋ በቅሎ ነጋዴ ነው። ጠዋት የሸጣትን በቅሎ ከሰዓት በኋላ ሌላ መስላው መልሶ ገዝቷታል፣ ያውም «ከጠዋቷ ይቺ ትሻላለች» ብሎ። አማቱን ፈርቶ ጎተራ ውስጥ ቢደበቅ፣ አማቱም እሱን ፈርታ እዚያው ገብታ ኖሮ ጨለማ ውስጥ ተላትመዋል። በቅሎዋ ረግጣው ማነከስ ሲጀምር፣ አዝናለት ነው መሰል እሷም አብራው ማነከስ ጀምራለች። ለቃሚው እነዚህን ወሬዎች ከሙፊዳ በላይ ያውቃቸዋል። ስትሳሳት ያርማታል። በተለይ እትዬ በየነች የምትባል የያዮ ሴት አለች፣ ሁልጊዜ ከሙፊዳ ቀጥሎ ካለው ዛፍ ነው የምትለቅመው፤ ሙፊዳ በቅሎዋን «ቡላ» ያለቻት እንደሆነ «ዳማ ነበረች እኮ!» ብላ ካልተቆጣች አትውልም።

ሰው ማድከም አልወድምና እኔው ልናገር። ካሚል የለም። የሞተው በሰባ ሰባት ነው፣ የአራት ዓመት ልጅ ሆኖ።

ሙፊዳ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። ድርቁ ከወሎ አስነስቷቸው፣ ስንት ቀን በመኪና ታጭቀው ኢሉባቦር ሲደርሱ አንድ የቆርቆሮ መጠለያ ውስጥ አሰፈሯቸው። ካሚል በተቅማጥ ደክሞ ዓይኑ አልገለጥ አለ። እናታቸውን ደግሞ ወባ ጥሏታል፣ ቀና ማለት አትችልም። በዚያ መጠለያ እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን ሁሉ ሳይነቃ ሲቀር ሰው ያይ ስለነበር፣ የሚገድለው እንቅልፉ መስሏቸዋል። የሚያስረዳቸው ማን አለ? እናትየው ሙፊዳን በእጇ ጠርታ «አጫውቺው፤ እንዳይተኛ» አለቻት። እሷም ሁለት ቀን አጫወተችው። የዘበኛውን አረማመድ፣ የሾፌሩን ጉሮሮ አጠራረግ እያስመሰለች አሳየችው። በጣቶቿ በቅሎ ሠርታ ሆዱ ላይ አስጋለበችለት። ካሚል ሳቀላት። በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ እሷም ልጅ ናትና ደከማት፣ ጎኑ ጋደም አለች። ስትነቃ ቀዝቅዟል።

ያን ቀን ከዚያ መጠለያ አምስት ሬሳ ወጣ። ለማልቀስ ጉልበት ያለው ሰው አልነበረም፤ ቀበሩና ተመለሱ። አንዲት አሮጊት ብቻ የሙፊዳን ራስ ዳበስ አድርገው «ምን ያለች ተጫዋች ልጅ ናት፤ እያሳቀች ሸኘችው» አሉ። ቃሉ እሷ ላይ ያረፈው ያኔ ነው። እናቷ ከወባው ተነስታ ሌላ አሥራ አምስት ዓመት ስትኖር ስለዚያ ቀን አንድም ነገር አልተነፈሰችም። ተኛሽ ብላ አልወቀሰቻትም፣ ጥፋትሽ አይደለም ብላም አላጽናናቻትም። እንደዚያው ሆና ሞተች።

እናቷ በሞተች በዓመቱ ነው ሙፊዳ መጀመሪያ ለለቀማ ያዮ የመጣችው። አንዷ ለቃሚ እህት ወንድም አለሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ሙፊዳ የለኝም ልትል አፏን ከፈተች፣ «አንድ ወንድም አለኝ» የሚል ወጣ። ምን ይሠራል ስትላት ደግሞ በቅሎ ይነግዳል አለች። ከዚያ ወዲህ ማቆም አቃታት። ካሚል በየዓመቱ እያደገ ሄደ፣ ጢም አበቀለ፣ ሦስቴ አገባ፣ ሁለቴ ፈታ። ባሏ መሀመድ ሰዒድ ነገሩን ያውቅ ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና አንድ ቀን እንኳ አላነሳባትም። ልጃቸው ሳሊሐ ግን በካሚል ወሬ ነው ያደገችው። ስታለቅስ ካሚል፣ ሲያማት ካሚል፣ አባቷ የሞተ ሰሞን እንኳ እየተንሰቀሰቀች «እስቲ የጎተራዋን ንገሪኝ» ብላ ያስነገረቻት ካሚል ነው። እንዲህ ካደገች ልጅ ፊት ቆሞ እውነቱን መናገር ምን ዓይነት ድፍረት እንደሚጠይቅ እናንተው አስቡት።

ዘንድሮ ሙፊዳ ደክማለች። ጉልበቷ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ ጉልበትስ አርባ ስድስት ዓመት ሲሞላ የማንም ይደክማል። የደከማት ካሚልን መያዝ ነው። ሌሊት ስትተኛ የነገውን ወሬ ታስባለች፤ ባለፈው ዓመት ምን ነበር ያልኩት፣ የመጨረሻዋ ሚስቱ ስም ማን ነበር፣ ልጅ ወልዶ ነበር ወይስ ገና ነው እያለች ትጨነቃለች። ሞቶ ሠላሳ ስምንት ዓመት የሆነው ሕፃን አሁንም ጎኗ ተኝቶ «ከዚያስ?» የሚላት ይመስላታል።

በዚህ ላይ ሳሊሐ ለጥር ኒካሕ አለባት። ኒካሑን የሚያስርላት የአባቷ ወንድም አለ፤ እሷ ግን ካሚል ካልመጣ ሰርግ አይደለም አለች። በመስከረም ጠየቀች፣ በጥቅምት ጠየቀች፣ ስልኩን ስጪኝና እኔ ልደውል አለች። ሙፊዳ ስልክ አይዝም፣ አገር ለአገር ነው የሚዞረው፣ እያለች ስትሸሽ ከረመች። አንድ ቀን ከገበያ ተመልሳ፣ ገና ጆንያዋን ከጀርባዋ ሳታወርድ ልጅቷ ያንኑ አነሳችባት። ሙፊዳ መልስ መፈለጉ ራሱ ታከታትና «እሺ፣ ይመጣል» አለች።

ይህቺው ናት ስህተቷ። ከድካም የወጣች አንዲት ቃል ናት፣ ግን ልጅቷ ይዛት በረረች። ኅዳር ላይ እናትና ልጅ አብረው ያዮ ሲገቡ ሳሊሐ ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ለቡድኑ ሁሉ አበሰረች፤ ካሚል በጥር ይመጣል፣ ሁላችሁም ቡሬ ተጠርታችኋል አለች። ለቃሚው ጉድ አለ። ሀያ ሁለት ዓመት በወሬ የሚያውቁትን ሰው በዓይናቸው ሊያዩት ነው። እትዬ በየነች ከራሷ ቀፎ የቆረጠችውን ነጭ ማር በቅል ሞልታ የካሚል ነው፣ ማንም እንዳይነካው ብላ ሰቀለች። ዋቁማ ደግሞ፣ ያ ጥርሱን የማያሳየው ዋቁማ፣ ከደኑ ቀጥ ያለ እንጨት መርጦ በምሳ ሰዓት በሰንጢ ይልግ ጀመር። ለምን እንደሆነ የጠየቀው የለም። ኋላ ነው ለአንካሳው ካሚል ከዘራ እየሠራለት መሆኑ የታወቀው። ሙፊዳ ያንን ስትሰማ ምሳዋን ሳትነካ መልሳ ጠቀለለችው።

ልንገራቸው፣ አልንገራቸው እያለች ሁለት ሳምንት ደን ውስጥ ዋለች። ብትነግራቸው የልጇ ሰርግ በለቅሶ ሊጀመር ነው፤ ሀያ ሁለት ዓመት ያመኗት ሰዎችም ውሸታም ሊሏት ነው። ባትነግራቸው ጥር ይመጣል። ጥር ደግሞ መምጣቱ አይቀርም።

በሦስተኛው ሳምንት የበየነች ልጅ አቢጋኤል ከመቱ መጣች። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት፣ ለመመረቂያ ጽሑፏ ሰው ስለ ሰው ጠባይ የሚናገርባቸውን ቃላት እየዞረች ትሰበስባለች። በምሳ ሰዓት ለቃሚው ጥላ ስር ተሰብስቦ ሳለ ደብተሯን ዘርግታ ተጫዋች የሚባለው ምን ዓይነት ሰው ነው፣ ቃሉስ ከየት መጣ ብላ ጠየቀች። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለደከመው ሰው እረፍት ነው፤ ሁሉም አፉን ከፈተ። አንዱ ኳስ የሚጫወት ነው አለ፣ ሳቁበት። እትዬ በየነች አብረሽው ስትሄጂ መንገድ የሚያጥርልሽ ሰው ነው አለች። ዋቁማ ከሚልገው እንጨት ዓይኑን ሳያነሳ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገረ፣ አቢጋኤል ተረጎመችው፤ ራሱን እያደከመ ሰውን የሚያሳርፍ ማለቱ ነው አለች። ሙፊዳ ያኔ ቀና ብላ አየችው።

አቢጋኤል ቀጠለች። ቃሉ ከጨዋታ መምጣቱ የታወቀ ነው፣ እሷን የቸገራት ሌላ ነው። የሕፃናቱም ሩጫ ጨዋታ ነው፣ የትልልቆቹም ወሬ ጨዋታ ነው። የታመመ ሰው ሲኖር፣ ያዘነ ሰው ሲኖር፣ ብቻውን እንዳይሆን ሂድና አጫውተው ይባላል። ተጫዋች የተባለው ሰው መጀመሪያ ማንን ነበር ያጫወተው? ሕፃን ነው ወይስ በሽተኛ? መዝገበ ቃላቱ ይህን አይልም አለች። ከዚያ ወደ ሙፊዳ ዞራ በአክብሮት ጠየቀቻት።

«እትዬ ሙፊዳ፣ እርስዎን መጀመሪያ ተጫዋች ያለዎት ማነው?»

ሙፊዳ ረሳሁት አለች። አቢጋኤል አላስጨነቀቻትም። ሌሎቹ ግን የሰውን ዝምታ የት ያውቁታል፤ የካሚልን ንገሪያት፣ የጎተራዋን ንገሪያት እያሉ ጎተጎቷት። ሙፊዳ ዛሬ ጉሮሮዬን አሞኛል አለች።

ያኔ ዋቁማ ሰንጢውን አጠፈና ነገር ጀመረ። ሙፊዳ ደክማለች፣ ሁላችንም አይተናል አለ። እንግዲህ የሚመጣው ዓመት እፍኙ ወደ ሳሊሐ ይሂድ፣ ልጅቷ የእናቷ አፍ አላት፣ ሙፊዳ አጠገቧ ቁጭ ብላ ትረፍ አለ። ክፋት የለበትም፣ አዝኖላት ነው። ሁሉም ደግ ብለሃል አሉት። ሳሊሐ ፊቷ በራ። ሀያ ዓመቷ ነው፣ ገና ምኑን አይታ። ብድግ ብላ፣ ሻሿን ወደ ኋላ ጣለችና ልክ እንደ እናቷ ቅንድቧን ሰቅላ የራሷን የካሚል ወሬ ጀመረች።

ካሚል ለእሷ ኒካሕ ከወሎ ተነስቷል። አዲስ ካልሲ ገዝቷል፣ ሁለቱንም ግራ እግሩ ላይ አጥልቆታል። በደሌ ላይ በቅሎዋን አውቶቡስ አሳፍሩልኝ ብሎ ከረዳቱ ጋር ተጣልቷል። ለቃሚው ገና ካሁኑ ሆዱን ይዟል። ሳሊሐ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ከዚያ መቱ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው እንቅልፍ ሸለብ አደረገው። ካሚል ተኛ።»

ሀያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሙፊዳ ወሬ ውስጥ ካሚል ተኝቶ አያውቅም። ወድቋል፣ ተደብድቧል፣ ጠፍቷል፣ ጎተራ ውስጥ አድሯል፣ እንቅልፍ ግን ወስዶት አያውቅም። ያንን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ልጅቷ ከየት ታውቃለች? ሰዉ እየሳቀ ነው፣ ሳሊሐ ጉንጯን መዳፏ ላይ አስደግፋ ማንኮራፋቱን ታሳያለች። ሙፊዳ ተነስታ ለመቆም የቡናውን ግንድ ያዘች።

«ካሚል ሞቷል» አለች።

ሳቁ ባሰበት። አዲስ ወሬ የጀመረች መስሏቸው ነው። እትዬ በየነች ዓይኗን እየጠረገች «እሺ፣ ከዚያስ?» አለቻት።

«ከዚያ ምንም የለም። ሞተ፣ ቀበርነው።»

መጀመሪያ የገባው ዋቁማ ነው። ቀስ ብሎ ቆመና ኮፍያውን አወለቀ። ሌሎቹ እሱን አይተው አንድ በአንድ መሳቃቸውን ተዉ። መቼ እንደሆነ ጠየቃት፤ በሰባ ሰባት አለች። ያን ጊዜ ለቃሚው እርስ በርሱ ተያየ። እዚያ ከተቀመጡት ግማሹ በሰባ ሰባት ገና አልተወለደም ነበር። ዋቁማ ግን መጠየቁን አልተወም።

«ስንት ዓመቱ ነበር?»

«አራት።»

ከዚያ ነገረቻቸው። ሳታሳምር፣ እጇን ሳታንቀሳቅስ፣ ቅንድቧን ሳትሰቅል ነገረቻቸው፤ መጠለያውን፣ ተቅማጡን፣ የእናቷን ትእዛዝ፣ በጣት የተሠራችውን በቅሎ፣ መተኛቷን። አቢጋኤል ደብተሯን ዘግታ ጭኗ ላይ አኖረች። የሙፊዳ ወሬ ሲያልቅ የተቆጣት አልነበረም። ስትፈራው የኖረችውን ያን ቁጣ ስትጠብቅ፣ እትዬ በየነች ድንገት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ደረቷን መታች። «ካሚሌ፣ የኔ ተጓዥ» ብላ ጮኸች። የምሯን ነው። ሀያ ሁለት ዓመት የምታውቀው ሰው ሞቶባታል እኮ። ሌሎቹም ተከተሏት። አንዷ በቅሎዋን እያነሳች አለቀሰች፣ አንዷ ጎተራውን፣ አንዱ ሽማግሌ ለቃሚ ደግሞ ምንም ሳይል ፊቱን በኮቱ እጅጌ ሸፈነ።

ሙፊዳ ቆማ አየቻቸው። እሷ ለፈጠረችው ባለጢም ነጋዴ ነበር የሚያለቅሱት፤ ለቅሶው ግን ለዚያ ለአራት ዓመቱ ልጅ ነበር የሚደርሰው። ያኔ አንድ ሰው እንኳ አላለቀሰለትም፣ እሷም አላለቀሰችለትም። አሁን እንባዋ መጣ፤ ከየት እንደመጣ አላወቀችም፣ ሲወርድ ግን አልከለከለችውም። ዋቁማ መጥቶ እጇን በሁለት እጁ ያዘና «ዋቃዮ ሲ ሃ ጀጀቤሱ» አላት። እግዚአብሔር ያጽናሽ ማለቱ ነው። ሙስሊሞቹ አላህ ሶብሩን ይስጥሽ አሏት። ሁሉም እየተነሱ፣ ልክ ሬሳ ዛሬ እንደወጣበት ቤት፣ እጇን እየጨበጡ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡ። ያን ከሰዓት ቡና የለቀመ የለም።

ሳሊሐ ብቻ አልመጣችም። ራቅ ብላ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማ ነበር። ከብዙ ቆይታ በኋላ ዓይኗ አብጦ መጣችና ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ድምፅዋ ቁጣ ነበረበት።

«አባዬ የሞተ ጊዜ እንኳ ያሳቅሽኝ በሱ ነው። እንዴት ቻልሽው?»

ሙፊዳ ለማስተባበል ጉልበት አልነበራትም።

«እናቴ አጫውቺው አለችኝ። በቃሽ ያለኝ ሰው የለም።»

ሳሊሐ እናቷን ብዙ አየቻት። ሽበቷን፣ የተሰነጣጠቁ ጣቶቿን፣ ከወሬ ብዛት ዳርና ዳሩ የተሸበሸበውን አፏን ገና ዛሬ ያየችው ይመስል አየቻት። ቁጣው ፊቷ ላይ ትንሽ ቆየና ሄደ። ተጠግታ የእናቷን ራስ ደረቷ ላይ አስደገፈች።

«በቃሽ፣ እማዬ» አለቻት።

ሙፊዳ ያን ቀን ከዚያ በኋላ ምንም አልተናገረችም። ተናገሪ ያላትም አልነበረም።